የልጅ ፊትና የእናት ዓይን

የተከበራችሁ የቢቸናና የሞጣ እናቶች፣ ቤተሰቦቻችሁም፤

ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ዓይን ማዝ ነው። ሐኪሞች ትራኮማ ይሉታል። ዓይናችሁ ሲያለቅስና ሲቆረቁራችሁ «የማጀት ጭስ ነው» ትላላችሁ። ጭስ ዓይን ማስለቀሱ እውነት ነው፤ የዓይንን ቆብ አጥፎ ፀጉሩን ወደ ውስጥ የሚመልሰው ግን ጭስ አይደለም፣ ይኸው የዓይን ማዝ ነው።

በሽታው ከሁሉ ይልቅ የሚኖረው በትንንሽ ልጆች ዓይን ነው። ልጁ ይበላል፣ ይጫወታል፣ አመመኝም አይል፤ ዓይናሩና ንፍጡ ግን ዝንብ ይጠራል። እናት በነጠላዋ ጫፍ የልጁን ዓይን ትጠርጋለች፤ ጥቂት ቆይታ በዚያው ጫፍ የራሷን እንባ ታብሳለች። ታዲያ በሽታው መንገድ አገኘ አይደል? የፀጉር መታጠፍ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህ ነገር የታየው በሩቅ አገር አይደለም። እዚሁ በጎረቤታችሁ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገ ጥናት፣ በአንዳንድ መንደሮች ከ1 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆች ብቻ በየ3 ወሩ መድኃኒት ወሰዱ። ዓመት ሲሞላ፣ በነዚያ መንደሮች መድኃኒቱን ያልቀመሱት ትልልቅ ሰዎች እንኳ መድኃኒት ካልገባባቸው መንደሮች ሰዎች ጋር ሲተያዩ፣ በሽታው በግማሽ ያህል አንሶባቸው ተገኘ።

እንግዲህ የልጆቹን ፊት ጠዋትና ማታ እጠቡ። ውሃ ሩቅ ነው እንደምትሉን እናውቃለን፤ እንስራ አዝሎ ዳገት መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ለፊት ብቻ ከሆነ አንድ ጣሳ ውሃ ለብዙ ልጅ ይዳረሳል። ሁሉም ባንድ ሳህን አይንከሩ፣ እየፈሰሰ ይታጠቡ። ሳሙና ቢጠፋ ውሃው ብቻም ዓይናሩን ያነሣል። ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ ከከብት እበት ይልቅ ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ይራባልና፣ አባቶች ሆይ፣ ጉድጓዱን መቆፈር የእናንተ ፈንታ ነው። መድኃኒት በሚታደልበት ቀን ደግሞ «እኔ ጤነኛ ነኝ» ብሎ የሚቀር አይኑር።

ፀጉሩ አስቀድሞ የታጠፈባችሁስ? በወረንጦ ማስነቀል ለጥቂት ሳምንት ያሳርፋል እንጂ አያድንም፤ እንደገና የሚበቅለው አጭርና ጠንካራ ሆኖ ብሌኑን ይፍቃል፣ ነጭ ጠባሳም ይተዋል። ጠባሳው የወሰደውን ብርሃን ቀዶ ሕክምና አይመልስም፣ የቀረውን ግን ያተርፋል፤ ስለዚህ ሳይዘገይ ነው መሄድ። (በሽምግልና ያለ ሕመም የሚጋርደው የዓይን ሞራ ሌላ ነው፤ እርሱ ሲወጣ ዓይን ብዙ ጊዜ መልሶ ያያል።)

የቆቡ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ያለው ባለሙያ ባለበት ጤና ጣቢያ ይሠራል። ቆቡ በመርፌ ይደነዝዛል፣ ሥራው ያን ያህል አይቆይም፣ አልጋም አያስይዝም። ዓይኗ ተሸፍኖ ስለምትወጣ፣ ወደ ቤት የሚመራትና በማግስቱ ማሸጊያውን ለማስፈታት የሚመልሳት አንድ ሰው አብሯት ይሂድ።