በትከሻ የሚያዘው የማጨጃ ማሽን በፎገራ ሜዳ፦ አጠቃቀሙና ጥንቃቄው

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



በበዓል ቀን ስለ አደጋ ማውራት ደስ አይልም። ሆኖም አዘጋጆቹ «ለአርሶ አደሩ የሚጠቅም ነገር ተናገር» ስላሉኝ፣ በትከሻ ተንጠልጥሎ በቤንዚን ስለሚሠራው የማጨጃ ማሽን ልናገር ወድጃለሁ። ሥራ ያቀላል፣ ጉልበት ያድናል። ያለ ጥንቃቄ ከያዙት ደግሞ ዓይን ያጠፋል፣ እግር ይቆርጣል።

ሜዳችንን ታውቁታላችሁ። ከርብና ከጉማራ መካከል ተዘርግቶ ወደ ጣና የሚያዘቀዝቅ፣ በክረምት የሚተኛበት ውሃ የሚበዛ ጥቁር የዋልካ መሬት ነው። ሩዝ ከገባልን ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ወረታም ዛሬ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። ሩዙ በረከት ቢሆንም የግጦሹን መሬት አጥብቦታል። በወተቷ የምትታወቀው የፎገራ ላም የቀራትን ሣር ደግሞ አሜኬላ እየቀማት ነው። አሜኬላ ውሃ የተኛበት ቦታ ይወዳል፤ በየአንጓው እሾህ ስላለው ከብት አፉን አያስጠጋበትም። ከብቱ ጥሩውን ሣር እየመረጠ በጋጠ ቁጥር ለአሜኬላው ቦታ ይለቅለታል። ስለዚህ መመንጠር ግዴታ ነው። የሚመነጠረውም አበባ ሳያወጣ ነው። ፍሬ ካንጠለጠለ በኋላ በማሽን ማጨድ ዘሩን በየአቅጣጫው መበተን ነው።

እሾሃም ነገር በማጭድ ማጨድ እጅ ይፈጃል። ማሽኑ የተወደደውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኛ ሥራ የምንሠራው በደቦና በወንፈል ነው። አጫጁ ጎን ለጎን ተሰልፎ፣ እየዘፈነ፣ አንዱ ለሌላው እየተቀባበለ ይሄዳል። ይህ ለማጭድ መልካም ነው፤ ለማሽን ግን ከሁሉ የከፋ ልማድ ነው። በደቂቃ 8 ሺህ ጊዜ የሚዞር፣ ወርዱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላማ ጫፉ በሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ ይጓዛል። እንዲህ የሚሄድ ብረት ጠጠር ሲያገኝ ጠጠሩ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወረወራል። የማሽን አምራቾች በሥራ ላይ ካለ ሰው ቢያንስ 15 ሜትር ራቁ የሚሉት ለዚህ ነው። ሃያ እርምጃ ያህል ማለት ነው። ሁለት ማሽኖች በአንድ ማሳ ቢሠሩም እንዲሁ ይራራቁ። የሚሰበስቡ እናቶችና የሚመለከቱ እረኞች ከዚያ ርቀት ውጭ ይቁሙ። በተለይ ልጆች! ማሽን ሲነሳ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንደ ሠርግ ይሰበሰባል። ከአጫጁ ጀርባ መጥቶ ትከሻ መንካትም አይገባም፤ ሰውየው ከነማሽኑ ነው የሚዞረው። የሚፈልገው ሰው ከሩቅ ከፊት ለፊቱ ይታየውና እጁን ያወዛውዝ፤ አጫጁም ሞተሩን ያጥፋ።

ቀጥሎ መሬቱ ነው። የእኛን ሜዳ ከሌላው የሚለየው ጎርፉ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ስንቱን ቤትና ንብረት እንደወሰዱ ያየ አይረሳውም። በሌላውም ዓመት ቢሆን ውሃው ሲሸሽ ያመጣውን ትቶ ነው፦ ድንጋይ፣ የሽቦ ቁራጭ፣ ጠርሙስ፣ የአጥር እንጨት። ሣሩ በላዩ ይበቅልና ይሸፍነዋል። ስለዚህ ማሽኑን ከማስነሳታችሁ በፊት ማሳውን በእግር ዙሩት፤ በዱላ እየገለጣችሁ የሚለቀመውን ልቀሙ፤ የማይነሳውን ጉቶና ድንጋይ እንጨት ተክላችሁ ጨርቅ እሰሩበት። ሽቦ በላማው ላይ ከተጠቀለለ ተበጥሶ የሚሄድበት አይታወቅም። በበጋ ደግሞ ዋልካው ይሰነጠቃል። ሣር በሸፈነው ስንጥቅ ውስጥ እግሩ የገባ ሰው የሚወድቀው ከሚሽከረከር ብረት ጋር ነው። ቀስ ብሎ፣ በትንንሽ እርምጃ፣ ሁለት እግርን ከፈት አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል። ዱላው እባብንም ከቦታው ያስነሳል፤ ይህም ሌላ ጥቅሙ ነው።

ስለ ልብስ ብዙ አልናገርም፤ አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። ቁምጣ ለብሶ፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምቶ፣ ፎጣ በአንገቱ ጠምጥሞ ማሽን የያዘ ሰው በየማሳው ይታያል። ፎጣውና ነጠላው የሚዞር ነገር ያገኘው እንደሆነ ይጎትታል። ኮንጎ ጫማ ለጭቃ የተሠራ ነው፤ ላማን አያቆምም። ጠንካራ ቦት ጫማ፣ ረዥም ወፍራም ሱሪ፣ ጓንት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጎንም የሚከልል የዓይን መነጽር ያስፈልጋል። የፀሐይ መነጽር አይተካውም፤ ተሰብሮ ራሱ ስለት ይሆናል። የፊት መከለያ መረብም ብቻውን አይበቃም፤ ደቃቅ ነገር ያሳልፋል። ጆሮንም መሸፈን ነው። የዚህ ማሽን ድምፅ 100 ዲሲቤል አካባቢ ይደርሳል። ከ85 በላይ የሆነ ድምፅ ቀኑን ሙሉ የሰማ ጆሮ ቀስ በቀስ ይደነቁራል። አያምምምና ሰው አያስተውለውም።

ማሽኑን ስትይዙ ማንጠልጠያውን በቁመታችሁ ልክ አስተካክሉ። ያለ ማንጠልጠያ በእጅ ብቻ ይዞ መሥራት ክንድን ከማድከሙም በላይ ላማው ወደ እግር እንዲመጣ ያደርጋል። በአብዛኞቹ ማሽኖች ላማው ከላይ ሲታይ ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል። ስለዚህ ከቀኝ ወደ ግራ እያወዛወዛችሁ በግራ በኩል ባለው ስለት ቁረጡ፤ የታጨደውም አስቀድሞ ወደ ጸዳው ወገን ይወድቃል። ከፊት ለፊት እስከ ቀኝ ጎን ባለው ክፍል ግን ጠንካራ ግንድ አትንኩ። በዚያ በኩል ጉቶ ያገኘ ላማ አይቆርጥም፤ ይገፋል፣ ማሽኑንም ከነሰውየው ያሽከረክረዋል። ለለስላሳ ሣር የናይለን ክር ይበቃል፤ ለአሜኬላና ለቁጥቋጦ ላማ ነው። ናይለኑ ባለቀ ጊዜ ሽቦ ማሰር ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ላማ ሲሰነጠቅስ? እዚህ ላይ ቁጠባችን አደገኛ ይሆናል። የተሰነጠቀን ላማ ብየዳ ቤት ወስዶ ማስበየድ፣ ወይም ከመኪና ባሌስትራ ቆርጦ ማሠራት ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን ብረቱ በብየዳው ሙቀት ይለወጣል፣ ሚዛኑም ይዛባል፤ በዚያ ፍጥነት ሲዞር ይበተናል። የተሰነጠቀ ላማ ይጣል። መከለያውንም «ሣር ይይዝብኛል» ብሎ የሚፈታ አለ። ሣር ሲይዝ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ላማው እስኪቆም ጠብቆ፣ በእንጨት ማጽዳት ነው እንጂ መፍታት አይደለም።

ነዳጁን በተመለከተ፣ ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር ይደባለቅለታል። መጠኑ በመመሪያው ወይም በነዳጅ ጋኑ ክዳን ላይ ይገኛል፦ 50 ለ1 የሚል ከሆነ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ1 የሚል ከሆነ 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል። ባለ አራት ምት ከሆነ አይደባለቅም፤ ዘይቱ ለብቻው ነው። ነዳጅ ስትሞሉ ሞተሩ ይጥፋ፣ ማርሚታው ይቀዝቅዝ፣ ሲጋራ አይጨስ፤ ከሞላችሁበትም ቦታ ራቅ ብላችሁ አስነሱ። በበጋ የደረቀ ሣር ላይ የጋለ ሞተር ማስቀመጥ የጎረቤትን የሩዝ ክምር እስከማቃጠል ይደርሳል።

ስለ እምቦጭ የሚጠይቁኝ አሉ። ጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የናበጋና የዋገጠራ ሰው እውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ኖሯል፤ ድካሙን የሚክድ የለም። በዚህ ማሽን ግን ውሃ ውስጥ ቆሞ እምቦጭ መቁረጥን አልመክርም። የሚያንሸራትት ጭቃ ላይ ነው የሚቆመው፤ የተቆራረጠውም አረም ከየቁራጩ እንደገና ያቆጠቁጣል።

አደጋ ከደረሰ ደም የሚፈሰውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫንና ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ቡና ዱቄት መነስነስ ቁስሉን ከማመርቀዝ በቀር አይጠቅምም። ለመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌም ጠይቁ። ዓይን ውስጥ የተሰካ ነገር ካለ አትንቀሉ፣ አትሹ፣ ቅጠል አትጭመቁበት። ሳትጫኑት በንጹሕ ስኒ ከልላችሁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል አድርሱት። «እስከ ነገ ልየው» የተባለ ዓይን ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ለቦርዱ አንድ ጥያቄ አለኝ። ማሽን ለአባላት በኪራይም ሆነ በብድር ሲሰጥ መነጽሩ፣ የጆሮ መሸፈኛውና ቦት ጫማው አብሮ ይሰጥ፤ ዋጋውም አብሮ ይታሰብ። መነጽር የማሽኑን ዋጋ ትንሽ ክፍል እንኳ አይሆንም። ያልሠለጠነም ሰው አይረከብ። ወጣቶቻችን ማሽኑን ይዘው በቀን ኪራይ ከማሳ ማሳ የሚዞሩ ከሆነ፣ በድካም ጊዜ እጅ እንደሚዝልና አደጋውም ያኔ እንደሚበዛ ታውቆ የዕረፍት ሰዓት ይወሰንላቸው።

ከምሳ በኋላ በግቢው ጀርባ ባለው ሣር ላይ ማሽኑን አስነስተን እናሳያችኋለን። ገመድ ተወጥሯል፤ ከገመዱ ወዲህ ሆናችሁ ተመልከቱ። መሞከር የሚፈልግ አባል ስሙን ለጸሐፊው ያስመዝግብ፤ ቦት ጫማ በሦስት ቁጥር አምጥተናል።