ያማረ ብየዳ ሁሉ የጸና አይደለም



የሚግ ብየዳ መሣሪያ ሽቦውን በራሱ እየመገበ ስለሚሠራ ለመልመድ ይቀላል፤ መስመሩም ለዓይን ያምራል። አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ቮልቴጁና የሽቦው ፍጥነት ለብረቱ ውፍረት ካነሱ፣ የቀለጠው ሽቦ ከብረቱ ሳይዋሐድ ከላዩ ተጋድሞ ይረጋል። የጣሪያ ተሸካሚ እንዲህ ተበይዶ ሲለቅ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ከሥሩ ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ አስቀድመን ውፍረታቸው ከሥራው ጋር እኩል የሆነ ሁለት ቁራጮችን አንዱን በሌላው ላይ አቁመን በአንድ ጎን ብቻ እንበይድ። ከዚያም በሞርሳ ይዘን የቆመውን ወደ ብየዳው በኩል በመዶሻ እንጣለው። ብየዳው ከብረቱ ተላቆ ቢነሳ፣ ልኩን አስተካክለን እንደገና እንፈትን።

የተፈተነው ልክ እንዲጸና ደግሞ የዕለት ጥገና ይሻል፤ የቶርቹን አፍ ከፍንጣሪ ማጽዳት፣ ቀዳዳው የሰፋውን የመዳብ ጫፍ መለወጥ፣ የሽቦውን መተላለፊያ ከአቧራ መጠበቅ ነው። ነፋስ ባለበት ስፍራም መከላከያው ጋዝ ተበትኖ ብየዳው በቀዳዳ እንዳይሞላ መጋረጃ ይጋረድ።

እንግዲህ ብየዳን በመስመሩ ውበት ሳይሆን በፈተናው እንመዝን።