የተቀበረ ብር እንዴት ይፈለጋል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ በመጽሐፍ ያነበብነውን ብቻ ሳይሆን በእጃችን ይዘን የሞከርነውን ነው። ይኸውም በመሬት ውስጥ ያለውን ብረትና ብር በድምፅ ስለሚያመለክተው መፈለጊያ መሣሪያ ነው።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ባንክ ባልነበረበት ዘመን የሰው ባንኩ መሬት ነበረ። ያን ጊዜ ብር ማለት የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። ዛሬ ካየናቸው ሁሉ ላይ 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት ተጽፏል፤ ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት ያልፋል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። አባቶቻችን ከገበያ ሲቀበሉት በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ሉል እያዩ ይመረምሩት ነበር ይባላል።

የአንዱ ጓደኛችን ቅድመ አያት በእስቴ ገጠር ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና ተጠግቷል። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ቤጌምድር ሲገባ አባታቸው አሥራ ሁለት ብር ከጓሮ ቀብረው በአርበኝነት ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። በኋላ ቢቆፈር ብሩ ታጣ። ታላቅ ወንድማቸው ሰርቆ በልቶታል ተብሎ ተጠረጠረ። እሳቸውም አብረው ጠረጠሩት። ወንድማቸውም ከእኅቱ ሳይታረቅ ሞተ። እንግዲህ እኛ የሄድነው ስለ አሥራ ሁለት ብር ብለን ሳይሆን ስለዚህ ነገር ነው።

መሣሪያውን ከውጭ አገር ከተመለሱ አንድ ወላጅ ተዋስን። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከታች ባለው ክብ ነገር ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። በሽቦው ውስጥ እየተለዋወጠ የሚሄደው ኤሌክትሪክ የማግኔት ኃይል ወደ መሬት ይልካል፤ ይህ ኃይል ማዕድን ሲያገኝ በማዕድኑ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይነሣል፤ እርሱም ምላሽ ሰጥቶ መሣሪያውን ያስጮኸዋል። ብርና መዳብ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋሉ፤ ብረት ደግሞ ማግኔት ይስበዋል፤ ስለዚህ ምላሻቸው ይለያያል።

ከመሄዳችን በፊት በትምህርት ቤታችን ግቢ ከአንዲት እናት የአንገት ጌጥ የተዋስነውን ብር፣ ምስማር፣ ቆርኪና የጥይት ቀለህ ለየብቻ ስንዝር ያህል ቀብረን ተለማመድን። መሣሪያው የሚስተካከሉ ሦስት ነገሮች አሉት። አንደኛው የመስሚያው ኃይል ነው። እስከ መጨረሻው ከፍ ስናደርገው ያለ ምክንያት ይጮህ ጀመር፤ ከመካከል ጥቂት ከፍ ሲል ግን ብሩን ለይቶ ሰማ። ሁለተኛው የአፈር ማስተካከያ ነው። የጉና ተራራ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ስለ ነበረ ቀይ አፈራችን ራሱ ብረት አለበት፤ ስለዚህ ንጹሕ ቦታ ላይ ክቡን ከፍ ዝቅ እያደረግን የአፈሩ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ አስተካከልን። ሦስተኛው መለያው ነው፤ እርሱም «ብረት ሲሆን ዝም በል» ብሎ እንደ ማዘዝ ያለ ነው።

ፈቃድ ሳንይዝ አልቆፈርንም። ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስታውቀን፣ አንድ ሠራተኛ አብሮን ወጣ። በመጀመሪያው ቀን ምስማር እንዳያታልለን መለያውን በብረት ላይ ዘግተን ጓሮውን ሁሉ አዳረስን። ምንም አልተገኘም። አንዳንዶቻችንም «በእውነት ወንድምየው ወስዶት ይሆናል» አልን።

ማታ መምህራችን አንድ ነገር አስታወሱን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1881 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት በተመቱ ጊዜ፣ ስልክን የፈለሰፈው ቤል በሰውነታቸው ያለውን ጥይት ለማግኘት እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ነገር ግን በአልጋቸው ፍራሽ ውስጥ የብረት ሽቦ ስለ ነበረ ድምፁ ተምታታ፤ ጥይቱም ሳይገኝ ቀረ። ብረት በአጠገቡ ያለውን ሌላ ነገር ይሸፍናል ማለት ነው።

ይህን የሰሙ አንድ የመንደሩ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ ገንዘብ የሚቀብር ሰው ከላዩ ከባድ ነገር ሳይጭንበት አይሄድም፤ አለዚያ ፍልፈል ያወጣዋል» አሉን። በማግሥቱ መለያውን ከፍተን ለብረትም እንዲጮህ አደረግን። ብዙ ምስማርና አንድ የተሰበረ ማጭድ አወጣን። ከቀትር በኋላ ከአሮጌው የበረት አጥር ሥር ወፍራም ድምፅ ሰማን። ስንቆፍር ያረጀ ማረሻ ተገኘ፤ ከማረሻው ሥር የተሰነጠቀ ማሰሮ፣ በማሰሮውም ውስጥ አሥራ ሁለቱ ብር።

እማማ ብሩን አልቆጠሩም። ማረሻውን ይዘው «ወንድሜን በከንቱ ጠረጠርኩት» ብለው አለቀሱ። እኛም ትናንት ያልነውን አስበን አፈርን። ብሩ በጽሕፈት ቤቱ ተመዝግቦ ከእሳቸው ዘንድ ቀረ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህን ሰምታችሁ በየሜዳው እንዳትቆፍሩ አደራ እንላለን። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ከዚህም የሚብስ አለ። በልምምዳችን ቀን የጥይቱ ቀለህ ናስ ስለ ሆነ ድምፁ ከብሩ ድምፅ ጋር በጣም ተቀራረበብን። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነት ወደ ጋይንት ገብቶ ነበርና፣ የሚጮኸው ነገር ያልፈነዳ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው ሳይነካ ርቆ ለመንግሥት ያመልክት።

እኛ ግን ከዚህ ሥራ ያተረፍነው ትምህርት ይህ ነው። መለያውን የሚያስተካክለው ሰው ነው፤ መሣሪያውም አትስማ የተባለውን አይሰማም። ስለዚህ «የለም» ብሎ ከመፍረድ በፊት ምን እንዳይሰማ እንደ ዘጋን መመርመር ይገባናል።