የታሰረ ጠያቂ አይጣ



እኔ እዚህ ረጃፍ ትንሽ ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ሕግ አልተማርኩም። ግን የሚከነክነኝ ነገር ስላለ ልናገር። አንድ ጊዜ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ በወረቀት ጉዳይ ተይዞ ጣቢያ ገባ። እኔ ሱቄን ያሽጉብኛል ብዬ ፈርቼ ቀረሁ። አራት ቀን ማንም ሳይጠይቀው ቆየ። በአምስተኛው ቀን ሁለት ሽማግሌዎች ምግብ ይዘው ሄዱና «መቼ ተያዘ? በምን ጉዳይ? መዝገብ ላይ አለ ወይ?» ብለው በትሕትና ጠየቁ። የዚያኑ ዕለት ማታ ተፈታ። ልጁን ሳየው ዛሬም አፍራለሁ።

በኋላ ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የደቡብ ሱዳን የሽግግር ሕገ መንግሥት፣ ፖሊስ የያዘውን ሰው ከ24 ሰዓት በላይ እንዳያቆይ፣ በዋስ ካልለቀቀውም ፍርድ ቤት እንዲያቀርበው ያዛል። የሰብአዊ መብት ኮሚሽኑም ጣቢያና እስር ቤት ገብቶ እንዲያይ ሥልጣን ሰጥቶታል። ነገር ግን ተቆጣጣሪ በየጣቢያው በየቀኑ አይደርስም። ቀድሞ የሚደርሰው ምግብ ይዞ የሚሄድ ሰው ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን አንድ ደብተር ይያዝ። የታሰረው ሰው ስም፣ ጣቢያው፣ የተያዘበት ቀንና ሰዓት ይጻፍበት። በየሳምንቱ ሁለት ተረኛ ይኑረን። 24 ሰዓት ካለፈ ለኤምባሲያችንና ለኮሚሽኑ እንንገር። ይህ ከፖሊስ ጋር ለመጣላት አይደለም፤ በአክብሮት ለመጠየቅ ነው።

ለመጀመሪያው ሳምንት እኔን መዝግቡኝ።