በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ተክልና የቤተሰብ ጤና

ለእናቶችና ለቤተሰቦች የተደረገ ንግግር



የዛሬው ንግግራችን ስለ ውሃ ነው። ስለ ውሃማ ከእናቶች ይልቅ ማን ያውቃል? እንስራ አዝሎ ዳገት የሚወጣው ማን ሆነና! ይሁን እንጂ ውሃ በዓይን ሲያዩት የማይገልጠው ብዙ ምሥጢር አለው። ያንን ምሥጢር እንድታዩት ይህን የመስታወት ሣጥን አምጥቻለሁ። በሉ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። ልጆች፣ ማየት ይቻላል፤ እጅ መክተት ግን አይፈቀድም።

በሣጥኑ ውስጥ ያለው ነገር ብዙ አይደለም። ከታች አፈርና አሸዋ አለ። በመካከሉ ሦስት ትናንሽ የቆሮሶ ዓሦች ይዋኛሉ። ከላይ ደግሞ ቅጠሏ የምስር ክክ የምታህል፣ ሥሯ እንደ ቀጭን ክር ወደ ውሃው የተንጠለጠለ ተንሳፋፊ ተክል አለች። አፈር ውስጥ አልተተከለችም፤ በውሃው ፊት ላይ ተኝታ ትኖራለች።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ዓሦቹ እዚያው ይበላሉ፤ እዚያው ይጸዳዳሉ። ታዲያ ውሃው ለምን አልሸተተም? መልሱ ያለው በዚያች በትንሿ ተክል ዘንድ ነው። ከዓሦቹ ኩስ ወጥቶ በውሃው ውስጥ የሚሟሟውን ነገር ሥሯ እየመጠጠ ምግቧ ታደርገዋለች። በጓሯችሁ እበት የፈሰሰበት ዱባ እንዴት እንደሚፋፋ ታውቁ የለም እንዴ? ይህም እንደዚያው ነው። ደግሞም ቅጠሏ ጥላ ስለሚሆን ውሃውን የሚያጨቀየው አረንጓዴ አልጌ እንደ ልቡ አይበዛም። ትናንሾቹ ዓሦችም ከሥሯ ተጠልለው የትንኝ እጭ እየለቀሙ ይበላሉ።

እንግዲህ ተክሏ ጠቃሚ ናት ማለት ነው። ነገር ግን መጠን ሲያልፍ ነገሩ ይለወጣል። ይህችን ተክል ለጥቂት ሳምንታት ሳንነካት ብንተዋት የውሃውን ፊት በሙሉ እንደ ምንጣፍ ትሸፍነዋለች። ያን ጊዜ ብርሃን ወደ ታች አይገባም፤ ንጹሕ አየርም ወደ ውሃው እንደ ልብ አይዘልቅም። ከሥር ያለው ተክል ሞቶ ይበሰብሳል፤ ዓሦቹም አፋቸውን ወደ ላይ አንስተው ያለከልካሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሣጥን የያዘ ሰው በየሳምንቱ ተክሉን እየቀነሰ የውሃውን ግማሽ ያህል ክፍት ማድረግ አለበት። የተቀነሰውን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ አይጥልም፤ ከውሃ ርቆ በፀሐይ ያደርቀዋል እንጂ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ውሃ ጠርቶ ቢታይም የሚጠጣ ውሃ አይደለም። የጠራ ሁሉ ንጹሕ አይደለምና።

አሁን ሣጥኑን ትታችሁ ጣናን አስቡ። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እርሱም ዓሣ፣ አፈርና ተክል ያለበት ትልቅ ሣጥን ነው፤ ልዩነቱ ተክሉን በየሳምንቱ የሚቀንስለት ጌታ የሌለው መሆኑ ነው። በእርሱ ላይ የመጣበት እንግዳ ተክል እምቦጭ ይባላል። ይኸው፣ የደረቀች እምቦጭ ይዤላችኋለሁ። የቅጠሏን እግር ተመልከቱ፤ ያበጠ ነው፤ ሲሰነጥቁት ውስጡ እንደ ሰፍነግ አየር የያዘ ነው። እንድትንሳፈፍ የሚያደርጋት ይኸው ነው።

የእምቦጭ አገሯ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ወንዝ አካባቢ ነው። ሐምራዊ አበባዋ እጅግ ስለሚያምር ሰዎች ለአትክልት ቦታ ኩሬ ጌጥ ትሁን ብለው ከአገር ወደ አገር ወሰዷት። ከኩሬው እያመለጠች ወንዙንና ሐይቁን ያዘችው። በአገራችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ታየች። በጣና ላይ መግባቷ የታወቀው በ2011 ሲሆን፣ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ያለውን ዳርቻ እየሸፈነች የዓሣ አጥማጁን መንገድ፣ የከብቱን ውሃና የገበሬውን እርሻ አስጨነቀች።

እንዴት እንዲህ በዛች ትሉ ይሆናል። አበዛዟ በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ከጎኗ ቅርንጫፍ እየዘረጋች ልጅ ታወጣለች። ሁለተኛው፣ ዘሯ ወደ ጭቃው ሰምጦ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ሙቀትና ምግብ ከተመቻት በ2 ሳምንት ውስጥ እጥፍ ትሆናለች። እስቲ እንቁጠረው። ዛሬ 10 ብትሆን ከ2 ሳምንት በኋላ 20፣ ከ4 ሳምንት በኋላ 40፣ ከ8 ሳምንት በኋላ 160፣ ከ16 ሳምንት በኋላ 2,560 ትሆናለች። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። በአሥሯ ጊዜ አንድ ልጅ በእጁ ለቅሞ ይጨርሳታል፤ በኋላ ግን አገር ቢሰለፍም ያደክማል።

ምግቧስ ከየት ይመጣል? የዓሦቹን ኩስ አስታውሱ። ዝናብ ሲዘንብ ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያ፣ ከብት የዋለበት እበት፣ ከከተማ የሚወርደው ቆሻሻ፣ ሰው በየሜዳው የሚጸዳዳው ሁሉ ወደ ውሃ ይገባል። ለእምቦጭ ቀለብ የምንሰፍርላት እኛው ነን። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት ቆፍሮ በእርሱ መጠቀም ቤተሰብን ብቻ ሳይሆን ውሃውንም ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ ከቤተሰብ ጤና ጋር ምን አገናኘው ለሚል፣ ዋናው ነገር የሚመጣው አሁን ነው።

ውሃ በተክል ተሸፍኖ ሲቆም ቀንድ አውጣ ይመቸዋል። ከቅጠሉና ከሥሩ ላይ ተለጥፎ ይኖራል፤ እንቁላሉንም እዚያው ይጥላል። ከእነዚህ ቀንድ አውጣዎች አንዳንዱ ዓይነት የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ነው። የሆድ ቢልሃርዚያ የያዘው ሰው ውሃ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከሰገራው ጋር ወደ ውሃ ይገባል። እንቁላሉ ይፈለፈልና ወደ ቀንድ አውጣው ይገባል። እዚያም ተባዝቶ በዓይን የማይታይ ትንሽ ትል ሆኖ ይወጣል። አንድ ልጅ ሲዋኝ፣ አንዲት እናት እግሯን ነክራ ልብስ ስታጥብ፣ ያ ትል ቆዳ በስቶ ይገባል። ውሃውን መጠጣት እንኳ አያስፈልገውም፤ መንካቱ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ የሆድ ቁርጠት፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥና ድካም ይመጣል። ሳይታከም ዓመታት ከቆየ ጉበት ይጎዳል፤ ሆድ ይነፋል፤ ልጅም ከእድገቱና ከትምህርቱ ወደ ኋላ ይቀራል።

ሁለተኛው ጠንቅ ትንኝ ነው። ተክል የሸፈነው የቆመ ውሃ ለትንኝ እጭ መደበቂያ ይሆናል፤ ዓሣም እንደ ልቡ ገብቶ ሊለቅመው አይችልም። የተክሉን ሥር ወግቶ በሥሩ በኩል አየር የሚስብ የትንኝ እጭ ዓይነት እንኳ አለ።

እዚህ ላይ ስለ እናቶች ጥበብ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አገኙ። በዚህም እንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይ መሆኑ ለዓለም ታወቀ። ምርምሩ የተነሣው ከእናቶች ልብስ ማጠቢያ መሆኑን አትርሱ። ይሁን እንጂ እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና ማንም በገዛ እጁ ወደ መጠጥ ውሃ ወይም ወደ ሐይቅ እንዳይጨምር።

እንግዲህ በየቤታችን ማድረግ የሚገባን ይህ ነው።

1ኛ. የተጠበቀ ምንጭ ወይም የእጅ ፓምፕ ካለ ውሃ ከዚያ ይቀዳ። ከሐይቁ በቀር ሌላ ከሌለ፣ ተክልና ቀንድ አውጣ ከሌለበት ክፍት ቦታ፣ ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ ቆሞ እግር ሳይነክሩ መቅዳት ነው። ዳርቻው በእምቦጭ ከተዘጋ ረጅም እንጨት ይዞ ተክሉን ወደ ዳር እየሳቡ ማውጣትና መቅጃ ቦታ መክፈት ይቻላል።

2ኛ. ልብስ ሲታጠብ ውሃውን በባልዲ ወደ ደረቅ መሬት ማውጣት ነው። የቢልሃርዚያው ትል ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ሲበረታ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በተለይ በዚህ ሰዓት ልጆች ከውሃው ይከልከሉ።

3ኛ. የመጠጥ ውሃ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል ይፍላ፤ ቀዝቅዞም በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ። ገላ መታጠቢያውን ማፍላት ካልተቻለ፣ ቀንድ አውጣ እንዳይኖርበት አጥልሎ፣ ከድኖ ሁለት ቀን ማሳደር ነው። ያ ትል ከቀንድ አውጣው ከወጣ በኋላ ሰው ካላገኘ ከሁለት ቀን በላይ አይኖርም። ለመጠጥ ግን ማሳደር ብቻ አይበቃም፤ የተቅማጥ ተውሳክ በዚህ አይሞትምና።

4ኛ. እምቦጭ ለመንቀል የሚወጣ ሰው ቦቲ ጫማና ጓንት ያድርግ። ይህ ከሌለው ወደ ውሃው ሳይገባ በረጅም መንሽ ከዳር ሆኖ ይሳብ። የገባ ካለም ወዲያው ገላውን በደረቅ ጨርቅ ፈግፍጎ ያድርቅ፤ ይህ ግን እርግጠኛ መከላከያ ስላልሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሰገራውን ያስመርምር። ለቢልሃርዚያ ፕራዚኳንቴል የሚባል ጥሩ መድኃኒት አለ፤ የሚሰጠው በሰው ክብደት ተለክቶ ስለ ሆነ ከገበያ ገዝቶ መዋጥ አይገባም።

5ኛ. የተነቀለው እምቦጭ ጎርፍ ከማይደርስበት ቦታ ተከምሮ ይድረቅና ይቃጠል። እርጥቡን ወደ ሌላ ወንዝ ወይም ኩሬ ማሻገር ፈጽሞ አይገባም። መረብና ታንኳም ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄድ ተክል እንዳልተጣበቀበት ይታይ።

6ኛ. አበባዋ ታምራለች፤ ማን ይክዳል! ነገር ግን ልጅ ቆርጦ ቢያመጣት በጎድጓዳ ሳሕን ወይም በጓሮ ኩሬ አትትከሏት። በትምህርት ቤት እንደዚህ ያለ የመስታወት ሣጥን ለማዘጋጀት የሚሹ ተማሪዎችም እምቦጭን አያስገቡ። ለሣጥኑ የሚሆነው ውሃ ተጣርቶ ሁለት ቀን የቆየ ይሁን፤ ተክሉም ቀንድ አውጣ እንዳይከተለው በደንብ ይታይ። ሣጥኑን የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

7ኛ. በቤት ዙሪያ በተሰበረ ማሰሮ፣ በአሮጌ ጎማና በከብት ማጠጫ የቆመውን ውሃ በየሳምንቱ ድፉት። ትንኝ ከእንቁላል ተነሥቶ ለመብረር አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ በየሳምንቱ ከተደፋ ግን ሳይደርስ ይቀራል።

8ኛ. ሁሉም ሰው በመጸዳጃ ቤት ይጠቀም፤ ከዚያም ሲወጣ እጁን በሳሙና ወይም በአመድ ይታጠብ።

«ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ ከየት ይመጣል?» የምትል እናት ትኖራለች። እውነቷን ነው፤ የእናት ሥራ አያልቅም። ነገር ግን ልጅ ታሞ ሲተኛ የሚሄደው ጊዜ፣ የሚወጣው ገንዘብ፣ የሚያስጨንቀው ሌሊት ስንት ነው? ውሃ የማፍላቱና የማሳደሩ ድካም ከዚያ ይቀልላል። ደግሞም ሥራው የእናት ብቻ አይደለም። አባት መጸዳጃውን ይቆፍር፤ ትልልቆቹ ልጆች እንጨቱን ይልቀሙ፣ የቆመውን ውሃ ይድፉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለም?

በሣጥኑ ያያችኋት ትንሿ ተክል በመጠን ሳለች ለዓሦቹ ረዳት ናት፤ ከመጠን ስታልፍ ግን ታፍናቸዋለች። ሣጥኑን በየሳምንቱ የሚጠብቅ እጅ እንደሚያስፈልገው ሁሉ፣ የቤታችንን ውሃና የሐይቃችንን ዳርቻም የሚጠብቅ እጅ ያስፈልገዋል። በመጪው ሳምንት አንድ ቀን መርጣችሁ በየቤታችሁ ዙሪያ ያለውን የቆመ ውሃ ድፉ፤ የእንስራውንና የጀሪካኑን ክዳን አሟሉ፤ ሆዱን የሚያመው ወይም ደም የሚያስቀምጠው ልጅ ካለም ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።