ሚዛኑ ሳይስተካከል ልጁን አንመዝን

(በአቃቂ ቃሊቲ በተካሄደው የምሩቃን መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ጤና እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። እኔ ግን ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና ልናገር ነው። ብዙዎቻችን ለፈተና የደረሰ ልጅ አለን፤ ነገሩም ከጤና ብዙ አይርቅም። እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ በምሠራበት ጤና ተቋም፣ ውጤት በተለቀቀ ሰሞን "ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ" እያሉ የሚመጡ ልጆች አያለሁ።

ቁጥሩን ታውቁታላችሁ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ኩረጃን መከላከሉን እደግፋለሁ። በ2008 የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ፈተናው በሙሉ ሲሰረዝ አይተናል። ነገር ግን ፈተናን መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ በትክክል መለካት ሌላ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ከ5.4 ወደ 8.4 ስንወጣ የጎበዙት ልጆቹ ናቸው ወይስ የቀለለው ፈተናው? ይህን በእርግጠኝነት ለመመለስ ክብደታቸው አስቀድሞ የታወቀ፣ በምስጢር ተይዘው በየዓመቱ የሚደገሙ ጥቂት ጥያቄዎች ያስፈልጋሉ። ሕጻን ስንመዝን መጀመሪያ ሚዛኑን ዜሮ ላይ እናደርጋለን አይደል? በየወሩ በተለያየ ሚዛን መዝነን "ልጁ ወፈረ" አንልም።

ማለፊያውንም እንየው። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ምንም የማያውቅ ልጅ በግምት ብቻ በአማካይ 25 በመቶ ያገኛል። ሁለቱን ምርጫ መጣል ችሎ የቀረውን የሚገምት ደግሞ 50 ይደርሳል። ስለዚህ 50 ያመጣ ሁሉ ያውቃል፣ 49 ያመጣ ሁሉ አያውቅም ማለት አንችልም። አንዲት ልጅ "ዶክተር፣ በሁለት ነጥብ እኮ ነው!" ብላ አልቅሳብኛለች። እኛ የላቦራቶሪ ውጤት ድንበር ላይ ሲሆን ምን እናደርጋለን? ምርመራውን እንደግማለን፤ በሽተኛውንም እናያለን። ሪሚዲያል ይህን በር በጥቂቱ ከፍቷል። ድንበር ላይ ለቀሩ ልጆች ግን ሁለተኛ ፈተና መብት ሊሆን ይገባል።

ፊዚክስ ስንጠይቅም ፊዚክስን እንለካ። በረጅም እንግሊዝኛ የተጠቀለለ ጥያቄ የሚጥለው ፊዚክስ የማያውቀውን ብቻ አይደለም። ጥያቄው አስቀድሞ በተማሪዎች ላይ ይሞከር። ጎበዞቹ ስተውት ደካሞቹ ካገኙት፣ ጥፋቱ የጥያቄው ነው።

በመጨረሻ፣ በ2015 ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የአንድ ሰፈር ሰው በሙሉ ሲታመም የምንመረምረው ውኃውን ነው፤ እያንዳንዱን በሽተኛ "ለምን ታመምክ?" ብለን አንቆጣም። ትምህርት ቤቶች ከጠቅላላ ውጤቱ ሌላ፣ ልጆቻቸው በየትኛው ምዕራፍ ላይ እንደደከሙ ሊነገራቸው ይገባል።

እኛስ? በመካከላችን መምህራን፣ መሐንዲሶች፣ ስታትስቲክስ የተማሩ አሉ። በዓመት ሁለት ቅዳሜ ለዚህ ክፍለ ከተማ ተማሪዎች የሙከራ ፈተና እናዘጋጅ፤ ውጤቱንም በየምዕራፉ ተንትነን ለመምህራኖቻቸው እንስጥ። መዝገቡ በር ላይ ነው፤ ሳትመዘገቡ እንዳትወጡ።