ከድብ ጋር ስለ መጎራበት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ድብ በኢትዮጵያ ምድር የሚኖር አውሬ አይደለም። አብዛኛው ሕዝብ ስሙን የሚያውቀው፣ ዳዊት የአባቱን በጎች ሲጠብቅ አንበሳና ድብ መግደሉ ሲነበብ ከመስማት ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በዴንቨርና በሲያትል አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ ከእነዚህ ከተሞች ወጣ ብለው የሚገኙት የሮኪና የካስኬድ ተራሮች ደግሞ የጥቁር ድብ አገር ናቸው። ለእነዚህ ቤተሰቦች የዳዊት ጀግንነት መመሪያ ሊሆናቸው አይችልም። በድብ አገር ደኅንነትን በመጀመሪያ የሚያስገኘው የምግብና የጥራጊ አያያዝ እንጂ ድፍረት ወይም መሣሪያ አይደለም። ለዚህም ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ የሚሆነው የሎውስቶን የተባለው የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሎውስቶን በ1872 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ከተከለለ በኋላ፣ በውስጡ የተሠሩት ሆቴሎች የወጥ ቤት ትራፊያቸውን በአቅራቢያቸው ባለ ሜዳ ላይ ይደፉ ነበር። ድቦች ትራፊውን ለመብላት ተሰበሰቡ፤ ጎብኚዎችም ድቦቹን ለማየት ተሰበሰቡ። ውሎ አድሮ ነገሩ እንደ ቲያትር ተቈጥሮ ለተመልካቹ አግዳሚ ወንበር ተዘጋጀለት። በመንገድ ዳርም መኪናውን አቁሞ በመስኮት ድብ የሚያጐርሰው ሰው በዛ። የዚህ ወዳጅነት ዋጋ በአኀዝ ተመዝግቧል። ይኸውም ከ1931 እስከ 1969 ባለው ጊዜ በፓርኩ ውስጥ በየዓመቱ በአማካይ 48 ሰዎች በድብ ይቈስሉ ነበር፤ በንብረት ላይ የሚደርሰውም ጉዳት በዓመት ከ100 ጊዜ በላይ ነበር።

በሞንታና በሚገኘው በግሌሲየር ብሔራዊ ፓርክ የደረሰው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ፓርኩ በ1910 ከተቋቋመ ጀምሮ በውስጡ ድብ ሰው ገድሎ አያውቅም ነበር። በ1967 በኦገስት ወር ግን፣ በአንድ ሌሊት፣ በተራራቁ ሁለት ሰፈሮች፣ ሁለት የ19 ዓመት ወጣት ሴቶች በሁለት ግሪዝሊ ድቦች ተገደሉ። ድቦቹ ሁለቱም አስቀድመው የሰውን ምግብና ጥራጊ የለመዱ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ በየሎውስቶን ከ1970 ጀምሮ የጥራጊ ማከማቻዎቹ ተዘጉ፤ ድብ ሊከፍታቸው የማይችል የቆሻሻ በርሜሎች ተተከሉ፤ ድብን የመመገብ ክልከላም በጥብቅ ተግባራዊ ሆነ። ከ1959 አንሥቶ ግሪዝሊን ሲያጠኑ የነበሩት ወንድማማቾቹ ጆንና ፍራንክ ክሬግሄድ፣ መዘጋቱ ቀስ በቀስ ቢሆን ይሻላል ብለው ተከራክረው ነበር። በእርግጥም በተከታዮቹ ዓመታት ምግብ ፍለጋ ወደ ሰው ሰፈር የዘለቁ ብዙ ድቦች ተገድለዋል። በ1975 ግሪዝሊ ከአላስካ ውጭ ባሉት የአሜሪካ ግዛቶች በሕግ ጥበቃ ሥር ሲገባ፣ በየሎውስቶንና በዙሪያው የቀረው 136 ያህል እንደ ነበር ይገመታል። ዛሬ ቁጥሩ ወደ 1,000 ገደማ ደርሷል። ጎብኚውም በአንዳንድ ዓመታት ከ4 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ሆኖም በድብ የሚቈስለው ሰው በዓመት በአማካይ አንድ ያህል ብቻ ነው። ድቡ አልጠፋም፤ ሰውም አልቀረም፤ የቀረው ጥራጊው ነው።

የዚህ ምክንያቱ ከአውሬው ተፈጥሮ ይመነጫል። ድብ የክረምቱን ወራት የሚያሳልፈው በዋሻው ተኝቶ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ብዙ ስብ ማከማቸት አለበት። ማሽተቱ እጅግ የሠላ ነው፤ አንድ ጊዜ ምግብ ያገኘበትን ስፍራም አይረሳም። ሰው ባለበት ምግብ እንዳለ ከተማረ ፍርሃቱ ይለቀዋል፤ ፍርሃቱ የለቀቀው ድብም አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው በጥይት መገደል ነው። ስለዚህ ለድብ አጥንት የሚወረውር ሰው ቸርነት ያደረገ ቢመስለውም፣ የሚፈርደው በድቡና ከእርሱ በኋላ በዚያ በሚያድረው መንገደኛ ላይ ነው።

በተራራ የሚያድር ሰው ምግቡን፣ የማብሰያ ዕቃውን፣ ሳሙናውንና የጥርስ ሳሙናውን ጭምር ከድንኳኑ 90 ሜትር ያህል አርቆ፣ ድብ በማይከፍተው ዕቃ ማስቀመጥ ይገባዋል። በድብ አገር ቤት ያለው ደግሞ የቆሻሻውን በርሜል በዋዜማው ሳይሆን በሚወሰድበት ዕለት ጠዋት ያወጣዋል፤ ከዛፍ ሥር የረገፈውን ፍሬ ይለቅማል፤ ለበዓል ሥጋ የጠበሰበትንም ምድጃ ስቡን አጥቦ ያስገባዋል።

በእግር የሚጓዙ ሰዎች ሦስትና ከዚያም በላይ ሆነው ቢሄዱ፣ በተለይም ቁጥቋጦ በበዛበትና የወንዝ ድምፅ ጆሮ በሚይዝበት ስፍራ ጮክ ብለው ቢነጋገሩ ይበጃል። ድቡ አስቀድሞ ከሰማ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይርቃልና። ድብ ያየ ሰው መሮጥ የለበትም፤ ድብ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሮጥ ማንም አያመልጠውም። እየተናገረ በዝግታ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይሻለዋል። ከበርበሬ የሚዘጋጀውን የድብ መከላከያ መርጫ በስልቻው ውስጥ ሳይሆን በወገቡ መያዝ አለበት። በአላስካ ከ1985 እስከ 2006 የደረሱ ግጭቶችን የመረመረውና በ2008 የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ መርጫውን ከያዙት መካከል ከመቶ 98ቱ ምንም አልቈሰሉም። መርጫው የሚረጨው ግን በሚመጣው ድብ ፊት ላይ ነው፤ በድንኳን ላይ የረጨው ሰው ሽታው ድቡን ሊጠራበት ይችላል።

አደጋው ከደረሰ ሁለቱን ዓይነት ጥቃት መለየት ግድ ነው። በድንገት የተደናገጠች ወይም ግልገሎቿን የምትጠብቅ ግሪዝሊ ሰው ላይ ከወጣች፣ በሆድ ተኝቶ፣ እጅን በማጅራት ላይ አቆላልፎ፣ እስክትሄድ ድረስ እንደ ሞተ ሰው መዋል ያድናል። ድንኳን ድረስ የመጣ ወይም ሰውን እንደ አደን የተከታተለ ድብ ሲሆን፣ እንዲሁም የሚያጠቃው ጥቁር ድብ ሲሆን ግን፣ በተገኘው ነገር ሁሉ ፊቱን እየመቱ መከላከል ይገባል።

ይህ ሕግ ለድብ ብቻ የተሰጠ አይደለም። በሰሜን ኢትዮጵያ በጅብ ላይ የተደረገና በ2012 የወጣ ጥናት እንደሚያመለክተው፣ በዐቢይ ጾም ወራት የከብት ዕርድ ቆሞ የሥጋ ትራፊ ሲጠፋ ጅቡ ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል፤ በኵሱ ውስጥ የተገኘው የአህያ ጠጉር ከመቶ 15 ያህል ወደ 33 ከፍ ብሏል። የከተማ ጅብ ኑሮውን ያቀናጀው በሰው ቄራና ጥራጊ ላይ መሆኑን ይህ ያረጋግጣል።

እንግዲህ በሮኪ ተራራ ሥርም ሆነ በኢትዮጵያ ደጋ፣ የአውሬው ጠባይ አብዛኛው ክፍል የሚጻፈው በሰው እጅ ነው። አውሬ ሰው መንደር ገባ ተብሎ ጠመንጃ ከመፈለጉ በፊት፣ የጠራው ምን እንደ ሆነ ይጠየቅ። መልሱም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከጫካው ሳይሆን ከጓዳው በር አጠገብ ካለው የቆሻሻ በርሜል ነው።